አንድ ሰው የቀረው

ባለፈው ነሐሴ ወደ ኮምቦልቻ ልወርድ ደሴ መናኸሪያ ቆሜ ነበር። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል፤ ክረምት ላይ ደሴ እንዲህ ናት፣ አጠገባችሁ ያለውን ሰው በሳሉ እንጂ በመልኩ አታውቁትም። አንድ ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ረዳቱ በሩን በመዳፉ እየመታ «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። እግሬ ቀጥ አለ። ሁለት ልጅ ወልጄ፣ ፀጉሬ መሸበት ጀምሮ፣ ያቺን ጥሪ ስሰማ አሁንም ጀርባዬን ይቀዘቅዘኛል።

«ማዘር፣ አይገቡም እንዴ?» አለኝ ረዳቱ።

ማዘር ይበለኝ! «ቆይ እስቲ» አልኩት። ምኑን እንደሚቆይ እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አልነገርኩት። ለናንተ ግን ልንገራችሁ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። ቀበሌ ስንሄድ «ተደራጁና ድንጋይ አንጥፉ» ይሉናል። የተመረቅኩት በታሪክ ነው፤ ድንጋዩም ታሪክ አለው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፣ ግን ወገቤ እምቢ አለ። የአክስቴ ልጅ ሙሉቀን ደሴ ፒያሳ ውስጥ አንዲት ጠባብ ኢንተርኔት ካፌ ይጠብቅ ነበር። አንድ ቀን «ብሎግ እንክፈት» አለኝ። «ሰው ይጻፍልን፣ እኛ እንለጥፍ፣ ማስታወቂያ ይግባበት፣ በዶላር ይከፈለን።»

«ስለ ምንድን ነው የምንጽፈው?»

«ሰው ስለሚወደው ነዋ።»

ኳስ ሌሎች ይዘውታል። ፖለቲካ እንዳንል እናቴ «ያለችኝ አንድ ልጅ አንቺ ነሽ» ብላ ታለቅሳለች። ታዲያ ሐሳቡ የመጣው ከዚችው ከእናቴ ነው። እናቴ ሰባቱንም አጽዋማት የምትጾም፣ ቅዳሴ የማያመልጣት ሴት ነች። ህልም ያየች ቀን ግን የነፍስ አባቷ «ህልም አትመኝ» ስለሚሏት ለሳቸው አትናገርም። እኔን በሚኒባስ ጭና ኮምቦልቻ አያ እንድሪስ ዘንድ ትልከኛለች። «ዛሬ ህልሜን ይዘሽልኝ ውረጂ» ትላለች፣ ልክ ጫማ አሠርቺልኝ እንደማለት።

አያ እንድሪስ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበሩ። ህልም ይፈታሉ። አፋችሁን ሳትከፍቱ በፊት እግራቸውን ከመርገጫው ያነሱና «ኸይር ነው፣ ኸይር ይሁን» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የምትናገሩት። የነገራችኋቸው ምንም ይሁን፣ ፍቺው ደግ ነው። ጥርስ መውለቅ ሌላው ዘንድ ሞት ነው፤ እሳቸው ዘንድ ከዕዳ መውጣት ነው። እባብ ቢሉ ዘመድ ይመጣል፣ እሳት ቢሉ ሠርግ ነው። አንድ ጊዜ «አያ፣ ሁሉንም ደግ የሚያደርጉት ለሰው አዝነው ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ህልም እንደ ፈቺው ነው» አሉኝ። «ክፉ አድርጌ ብፈታው ክፉውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ወላሂ አልደፍረውም።»

ብሎጉን ከፈትነው። ሰው ህልሙን በኢሜይል ይልካል፣ እኔ አትሜ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ አያ እንድሪስ ይፈታሉ፣ ፍቺውን ጽፈን እንለጥፋለን። ሞባይል የላቸውም፤ ቢኖራቸውም «ህልም በስልክ አይፈታም፣ የነጋሪውን ፊት ማየት አለብኝ» ባይ ናቸው። ገንዘብ አይቀበሉም። ከደሴ ዙሪያ ገበሬዎች የገዛሁትን ካሮትና ድንች ስወስድላቸው ግን ደስ ይላቸዋል። እሳቸውም በለስ በፌስታል ይሰጡኛል። እሾኩን ሳላይ ነክቼ ስንቴ ጣቴን አሳበጥኩ!

ማስታወቂያው ከውጭ አገር ድርጅት ነው የሚመጣው። አንባቢ ሲጫነው ለእኛ ይታሰባል። የሚመርጠው ሰው ሳይሆን ማሽን ነው፤ ጽሑፉን አንብቦ የሚስማማውን ያስቀምጣል። አማርኛ ስለማያውቅ ሙሉቀን ከየህልሙ ግርጌ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ይጨምርለት ነበር። ማሽኑ ታዲያ ጥርስ ለወለቀበት ሰው ስሙን ሰምተነው በማናውቀው ከተማ ያለ የጥርስ ሐኪም ያመጣለታል። ራቁቱን ገበያ ለወጣው ሱሪ፣ ከገደል ለወደቀው ፍራሽ። «ይሄ ከአያ እንድሪስ ቀጥሎ ሁለተኛው ህልም ፈቺያችን ነው» ይል ነበር ሙሉቀን፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። የመጀመሪያዋ ቼክ በፖስታ ስትመጣ ባንክ ይዘናት ሄድን። ገንዘብ ከፋይዋ ገልብጣ ገልብጣ አየቻትና «የምን ክፍያ ነው?» አለችን። «የህልም ደሞዝ ነው» አላት ሙሉቀን። ለእናቴ ሻማ፣ ለእኔ ጫማ ገዛን።

እንዲህ በሳቅ ስንኖር ነው ያቺ ህልም የመጣችው።

የላከችው ዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ነች። ስሟን አልጻፈችም፣ «የሐይቋ ልጅ» ነው የምትለው፤ ከደሴ አጠገብ ካለችው ከሐይቅ ከተማ ነች። እንዲህ ይላል ጽሑፏ፤ «ሐረጎ ዳገት ላይ ቆሜአለሁ። ጉም ነው። መኪና መጣ፣ የውስጥ መብራቱ በርቷል፣ ሰው ሞልቶታል። ሁሉም ወደ መስኮት ዞረዋል፣ የሚያየኝ የለም። ረዳቱ አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል። በሩን እየመታ ‹አንድ ሰው የቀረው› ይላል። ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። አንድ እግሬን አንስቼ ልገባ ስል ነቃሁ።»

ሐረጎ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ጽሑፏን አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ገና አልለጠፍነውም፤ ይህን አስምሩበት። በማግስቱ ከመተማ ሌላ መጣ። ሰሊጥ ሊያርም የሄደ የወረኢሉ ልጅ ነው፤ ህልሙ ያው ነው፣ ሐረጎ፣ ጉም፣ መብራቱ የበራ ሚኒባስ። አረንጓዴ ሹራብ። ከዚያ ጅማ የሚማር አንድ የከሚሴ ልጅ ያንኑ ጻፈ። እሱም አንድ እግሩን አንስቶ ነው የነቃው።

«ሙሌ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም» አልኩት።

«ወሎዬ በህልሙ ሐረጎን ካላየ ማንን ሊያይ ነው?» አለኝ።

«ሹራቡስ?»

«ደሴ ላይ ሹራብ ያልለበሰ ረዳት አሳይኝና አምንሻለሁ።»

ሦስቱንም ይዤ ወረድኩ። አያ እንድሪስ እንደ ልማዳቸው ኸይር ነው ብለው ጀመሩ። የመጀመሪያውን ሰሙ፣ ሁለተኛውን ሰሙ። ሦስተኛውን ልጀምር ስል ኸይር አላሉም። መቀሱን ጨብጠው ደጁን ያያሉ። ከዚያ በፊት እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

«ይቺ ህልም አላለቀችም» አሉ በመጨረሻ። «ያላለቀ ህልም አይፈታም። ወስደሽ አስቀምጫት።»

ሙሉቀን ይህን ሲሰማ ደስ አለው! «ሳይፈታ ነው የሚነበበው» ብሎ ሦስቱንም ጎን ለጎን ለጠፋቸው። አንባቢ ጎረፈ። ማሽኑ ደግሞ ምን ማስታወቂያ ቢያስቀምጥበት ጥሩ ነው? የአውሮፕላን ትኬት ሻጭ ነው፤ በቀይ ቀለም ብልጭ ድርግም እያለ «አንድ መቀመጫ ብቻ ቀርቷል! አሁኑኑ ይያዙ!» ይላል። ሙሉቀን በሳቅ ወንበሩን ሊሰብር ደረሰ። እኔ ግን ያን ቀን ካፌው ውስጥ ብቻዬን አልቆይም ብዬ ቤቴ ሄድኩ።

ኢንተርኔት የሚጠቀመው ሰው ጥቂት ነበር፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ግን በየጥጉ አለ። ገጹን አባዝተው በብር በብር ሸጡት። በሁለት ሳምንት ውስጥ መናኸሪያው ተበላሸ። ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም፤ ሰው ደግሞ የመጨረሻዋ ወንበር ላይ አልቀመጥ አለ። መኪናው አንድ ሰው ይጎድለዋል፣ ሃያ ሰው ደጅ ቆሞ ጥፍሩን ይነክሳል። ሾፌሮቹ አበዱ። ረዳቶቹ ብልጥ ናቸውና «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው የቀረው!» ማለት ጀመሩ። ሰው ግን ገብቶ ቆጥሮ ይወርድባቸው ነበር።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ አንድ ቀን፣ ምሳ በልቼ ካፌ ስደርስ የሐይቋ ልጅ ጽፋለች። ጽሑፏ ቃል በቃል አሁንም አለ በልቤ። «እህቴ፣ ከዚህ ቤት ልወጣ ነው። ደሞዜን ከልክለውኛል፣ እጃቸውንም ያነሱብኛል። ወደ ሌላ ከተማ የሚያሻግር ደላላ አግኝቻለሁ፣ መኪናው ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ይነሳል። ደላላው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ቶሎ በይ፣ አንድ ሰው ነው የቀረኝ› አለኝ። ልሂድ ወይስ ልቅር? አያ እንድሪስ ምን አሉ? የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

አትሂጂ ብዬ ልጻፍላት? ብትቀርና እዚያው ቤት ቢገድሏትስ? ሂጂ ልበላት? እኔ ማን ነኝ! «ጠብቂኝ፣ አያን ልጠይቅልሽ» ብዬ ጻፍኩና ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሙሉቀን ከኋላዬ «ስትመለሺ እንለጥፈዋለን!» ሲል ሰማሁት። ያኔ ልመታው ነበር።

መናኸሪያ ስደርስ የነበረው አንድ መኪና ብቻ ነው። ሞልቷል፤ አንድ ሰው ጎድሎታል። በጉሙ ምክንያት በቀን የውስጥ መብራቱን አብርተዋል። ደጅ የቆመው ሰው ብዛት! «ሌላ መኪና የለም ወይ?» አልኩ። «የለም፣ ይሄ ሳይነሳ አይገባም» አሉኝ። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ከፊቴ አለች፤ አንድ እግሯን ታነሳለች፣ ትመልሳለች፣ ደግሞ ታነሳለች። እኔም ከኋላዋ ቆሜ የሐይቋን ልጅ አስባለሁ። በዚህ መሐል ከመስጊዱ የዐስር አዛን ተሰማ። እዚያም አሁን አዛን ብሎ ይሆናል አልኩ በልቤ።

«ይቅርታ እህቴ፣ እኔ ልቅደም፤ ላንቺ ሌላ ይመጣልሻል» አልኳትና በጎኗ አልፌ ገባሁ።

በሩ ተዘጋ። ተሳፋሪው ሁሉ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። ምክንያቱ አይጠፋኝም፤ የመጨረሻዋን ሰው ዓይን ለዓይን ማየት ፈርተው ነው። ግን እስቲ እናንተ ተቀመጡበት። የማይታይ ነገር በመስታወት የሚያዩ ማጅራቶች ብቻ! ሒሳብ ሲሰበሰብ ብሩ በጀርባ በኩል ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፣ አንድም ሰው ዞር አላለም። ረዳቱ የዝናብ ካፖርት ደርቧል፤ ከስር ምን እንደለበሰ አላየሁም፣ ላይም አልፈለግኩም።

ሐረጎን ስንይዝ ጉሙ ወፈረ። እርጥብ ባሕር ዛፍና የተቃጠለ ፍሬን ይሸታል። ሌላ ጊዜ በዚያ መንገድ ስለ ድንች ዋጋ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ በሽታ የማይወራ የለም። ያን ቀን የሚሰማው የመስታወት መጥረጊያው ድምፅ ብቻ ነበር። አንድ መጠምዘዣ ላይ መኪናው ቀስ ብሎ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ አንገቱን አወጣ። ሰው የለም። ጉም ገባብን።

«ምንድን ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ሰው የጠራኝ መስሎኝ» አለና ዘጋው።

የአንገት ልብሴን አፍንጫዬ ላይ ጠቅልዬ አባታችን ሆይ እደግማለሁ። እናቴ የሠራችልኝ ቀይ የአንገት ልብስ ነው፤ ጫፉ ተተርትሮ አያ እንድሪስ ቀይ ክር ቢያጡ በቢጫ ሰፍተውልኛል። ደግሜ ደግሜ ጨረስኩት፤ ቁልቁለቱ አለቀ፣ ጉሙም ተገፈፈ። ኮምቦልቻ ፀሐይ ነች! ሰው ሁሉ እኩል ማውራት ጀመረ። ከጎኔ ያሉት ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝና «ደህና ነሽ ልጄ? አብሽሪ!» ብለው በለስ ልጠው ሰጡኝ። በሙቀቱ የአንገት ልብሴን አወለቅኩ።

ከመኪናው እንደወረድኩ ወደ አያ እንድሪስ ሮጥኩ። የሐይቋን ልጅ ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፤ እንዴት እንደመጣሁም ጭምር። ጨርቁን አስቀመጡ።

«የመጨረሻዋ ወንበር ላይ ተቀመጥሽ?»

«አዎ አያ።»

«ኸይር ነው» አሉ፣ ለሦስተኛዋ ህልም የነፈጉትን ቃል። «አሁን አለቀች። እንዲህ በያት፤ ያነሳሽውን እግር መልሰሽ አሳርፊ። ያ መኪና የሚጠራው አንቺን አይደለም። ያንቺ ቦታ ሐይቅ ነው፣ ተይዞልሽ ይጠብቅሻል። አላህ መውጫ ይሰጥሻል በያት።» ከዚያ አንገቴን አዩ። «የሰፋሁልሽ የአንገት ልብስስ?»

መኪናው ውስጥ ረስቼው ኖሯል። መናኸሪያ ተመልሼ ልፈልገው ተነሳሁ።

«ተይው» አሉኝ። ድምፃቸው ተለወጠብኝ። «አትፈልጊው።»

ኢንተርኔት ቤት ስደርስ መብራት የለም። ኮምቦልቻ ሙሉዋን ጠፍቶባታል። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ እብድ አምፖል አያለሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጣ። መልሱን ላክሁት። መልስ የለም። በማግስቱም የለም፣ በሳምንቱም። እኔ የጻፍኩት ሳይደርሳት ሄዳለች ብዬ አለቀስኩ። እናቴ የሞተ ያለ መስሏት ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች።

ብሎጉ ከዚያ በኋላ ዕድሜ አላገኘም። ያፈረሰው ደግሞ የሰው ደግነት ነው። የሰፈሩ ሰው ማስታወቂያው ሲጫኑት እንደሚከፈለን ሰምቶ ደቦ ወጣ! ካፌው የሚመጣ ሁሉ «እስቲ የናንተን ልጫንላችሁ» ይላል፤ ጎረቤታችን ልጆቿን አሰልፋ ላከች። ያችኑ «አንድ መቀመጫ ብቻ ቀርቷል»ን ሲጫኗት ዋሉ። ድርጅቱ ሒሳባችንን ዘጋው። ሙሉቀን ደብዳቤውን ተረጎመልኝ፤ «የሚጫኑት አንባቢዎቻችሁ እውነተኛ ሰዎች አይመስሉም» ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉቀን ሳይስቅ አየሁት።

በዓመቱ፣ በለስ ሲበስል፣ አያ እንድሪስ ሱቅ ቁጭ ብዬ ሳለ አንዲት ቀጭን ልጅ ጥቁር ዓባያ ለብሳ ገባች። «አሰላሙ ዐለይኩም። አያ እንድሪስ እርስዎ ነዎት?» አለች። «የሐይቋ ልጅ ነኝ።»

ዘልዬ አቀፍኳት። ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳታውቅ አለቀሰችልኝ። አያ ወንበር ሰጧት።

«መልሳችሁ የደረሰኝ በማግስቱ ነው፤ መልሼ ሳልጽፍላችሁ ግን ኢንተርኔቱን ከለከሉኝ» አለች።

«ታዲያ እንዴት ቀረሽ?» አልኳት።

«ቦታው ተያዘብኛ! አዛን ሲል ልብሴን በፌስታል ይዤ ወጣሁ። መኪናው ጥጉ ላይ ቆሟል። ሰው ሞልቶታል፣ አንዱም አያየኝም። ህልሜ ትዝ አለኝና ፈራሁ፤ ግን ወዴት ልመለስ? አንድ እግሬን አነሳሁ። ያን ጊዜ አንዲት ልጅ ከኋላዬ መጥታ በጎኔ አለፈች። በኛው አማርኛ ‹ይቅርታ እህቴ፣ እኔ ልቅደም፤ ላንቺ ሌላ ይመጣልሻል› ብላኝ ገባች። በሩ ተዘጋ፣ ሄዱ። በዚያ ሙቀት፣ ወላሂ፣ ቀይ የአንገት ልብስ አድርጋለች።»

አያ እንድሪስ እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። «ጫፉስ?» አሉ።

«ጫፉ በቢጫ ክር የተሰፋ ነው።»

እኔ አንገቴን ዳሰስኩ። «ፊቷስ?» ያሉት እሳቸው ናቸው።

«አላየሁትም። ወደ መስኮት ዞረች።»

መኪናው የት እንደደረሰ ጠየቋት። ራሷን ነቀነቀች። ያ መኪና የትም አልደረሰም። አብረው የሚሄዱት ያገር ልጆች ነበሩ፤ እስካሁን የሰማቸው የለም አለች። እሷ ወደ ቤቱ ተመልሳ፣ ቆይታ፣ በኋላ ሕጋዊ መውጫ አግኝታ መጣች። ሻይ ጠጣች፣ አያን መርቃ፣ እኔንም ስማ ወደ ሐይቅ ሄደች። አያ እንድሪስ «ኸይር ነው» አሉና ማሽናቸውን መርገጥ ጀመሩ። ስለዚያ ነገር ዳግም አላወራንም። አሁን እሳቸውም የሉም፣ አላህ ይማራቸው።

ስንቴ አሰብኩት። እኔ ነኝ እንዳልል እኔ ኮምቦልቻ ወርጃለሁ፣ በለስ በልቻለሁ። እኔ አይደለሁም እንዳልል ቃሉ የኔ ነው። ደግሞ አንዳንዴ የሚያስለቅሰኝ ሌላ ነው። ያቺ የገባችው ልጅ የማን ልጅ ነበረች? እናቷ ደጇ ላይ ቁጭ ብላ ዛሬም ትጠብቃት ይሆን? ኸይር የሚልላት ሰው ስለሌለ እኔ ሻማ በበራ ቁጥር አነሳታለሁ፣ ስሟን ባላውቅም።

እናም ባለፈው ነሐሴ፣ ከዚያ ሚኒባስ ፊት።

«ማዘር፣ ይገባሉ አይገቡም? ልንሄድ ነው» አለ ረዳቱ። ከኋላዬ አንዲት ወጣት ሻንጣ ተሸክማ፣ ስልኳን በአንድ እጇ ይዛ አልፋኝ ልትገባ አንድ እግሯን አነሳች። ወዴት እንደምትሄድ አላውቅም፤ ከኮምቦልቻ ሩቅ እንደምትሄድ ግን ሻንጣዋ ይናገራል። ውስጥ ያሉት ሁሉ አቀርቅረው ስልካቸውን ያያሉ።

«ይቅርታ ልጄ፣ እኔ ልቅደም» አልኳት። «ላንቺ ሌላ ይመጣልሻል።»

ገብቼ ተቀመጥኩ። በሩ ሲዘጋ በመስኮቱ አየኋት። ልጅቷ ያነሳችውን እግር መልሳ አሳረፈች።